የመሐሏ ተሳፋሪ

ሞጣ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውቤዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔም ልጅሽም ደህና ነን። ደብዳቤሽን አባ ሣህለ ማርያም ከኩታቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ከቢቸና ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። ውኃ ጠጡ፣ ልጃችንን ንጋትን በመስቀላቸው ባረኩ፣ «መልሱን ጻፍና አስቀምጥ፤ ስመለስ እወስደዋለሁ» ብለውኝ ወጡ። መኪናውም ስልኩም እንዲህ በተዘጋበት ጊዜ እሳቸውን ባናገኝ ምን ይውጠን ነበር? በአንድ መንገድ ላይ ያለን ሰዎች፣ አንቺ ከታች እኔ ከላይ፣ ባሕር የለየን መስለናል።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ ትምህርት ቤታችን እንደተዘጋ ነው። ብየዳና እንጨት ሥራ የማስተምራቸው ልጆች ወደየገጠራቸው ገብተዋል። ንጋትም አንደኛ ክፍልን በር ላይ አይታ ተመለሰች። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ባዶውን የመዋዕለ ሕፃናት ግቢ አስፈቀድኩና ለሰፈሩ ልጆች መጫወቻ መሥራት ጀመርኩ። ከአንድ ከወደቀ አይሱዙ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ አወጣሁ፤ በላዩ የዋንዛ ጣውላ ዘረጋሁ፤ ዙሪያውን ፈረሶች ቀርጬ ተከልኩ። ጆሯቸው ስለረዘመብኝ በቅሎዎች ናቸው አልኩ። ሲገፉት ነፋስ እንደነካው ነገር ቀስ ብሎ ይዞራል።

ንጋት ሮጣ ወጣች። ገፋሁላት። ገና መዞር ሲጀምር፣

«አባዬ፣ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«የትም አይሄድም። ይዞራል።»

«እንግዲያው አቁምልኝ» ብላ ወረደች። ከዚያ ወዲህ እንቢ ብላለች። የትም የማይሄድ ነገር ላይ ምን አስቀመጠኝ ነው የምትለው። በመስከረም ወደ ሥራሽ ስትመለሺም «እማዬ ወዴት ነው የምትሄደው?» ብላኝ ነበር። ያን ጊዜም በደንብ አልመለስኩላት ይሆናል።

ተረት የምታውቂው አንቺ ነሽ። እባክሽ ይህ መዞሪያ ወዴት እንደሚሄድ ጻፊልኝ።

ሆድሽስ? ብቻሽን ነሽ ወይ? ምን ትበያለሽ? ልምጣ? መውለጃሽ ሚያዝያ ሩቅ ሆነብኝ። ከባድ ነገር አታንሺ። ለአዋላጅ እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሴንም አስቆኛል፤ ግን አታንሺ።

ዓለምነህ


ቢቸና፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓለሜ፣

የረዘመው ጆሮ ደስታነሽንና እኔን ሲያስቀን ዋለ። ደስታነሽ አብራኝ የምትሠራው አዋላጅ ናት፤ ባለፈው የጻፍኩልህ። አሁን የምንኖረውም አንድ ቤት ነው። ተረኛ ያልሆነችው ታበስላለች። ስለዚህ ብቻሽን ነሽ ወይ ላልከው፣ አይደለሁም። የምበላውንም አትጠይቀኝ፣ ለሁለት ሰው ነው የምበላው። ልጅህ እንደ ጎበዝ ዋናተኛ ትገላበጣለች። «ልጅህ» ያልኩት ደስታነሽ ሴት ናት ስላለችኝ ነው። ከአረማመዴ ነው የምታውቀው አሉ፤ እኔ እንዲህ ያለ ትምህርት አልተማርኩም።

ለንጋት ይህን አንብብላት። ቀስ ብለህ።

በቅሎዎቹ ድሮ በአንዲት ከተማ ውኃ የሚያመላልሱ ነበሩ። ከተማይቱ ከጉም በላይ ነው የተሠራችው። ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት ደመናው እንደ ውሻ ደጃፉ ላይ ተኝቶ ያገኘዋል፤ በእግሩ ገፋ አድርጎት ያልፋል። ከዚያች ከተማ የሚወጣው መንገድ ግን አንድ ክፉ አመል ነበረው። ይወስዳል እንጂ አይመልስም። ነጋዴ ሄደበት፣ ወታደር ሄደበት፣ ተማሪ ሄደበት፤ ሁሉም እንደወጡ ቀሩ። ከተማይቱ ቀስ በቀስ የበርና የመስኮት ብቻ ሆነች። በቅሎዎቹ ይህን አይተው አንድ ቀን ውኃ ዳር ተማከሩ። የመንገዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነከሱት። ጎተቱት። መንገዱ እንደ መቀነት ተጠማዘዘ፣ አቧራው ሰማይ ደረሰ፤ በመጨረሻ ጫፉን አምጥተው ከከተማይቱ በር ጋር ቋጠሩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ የወጣ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢርቅ፣ በራሱ ደጃፍ ማለፉ አይቀርም።

እና ወዴት ነው የሚሄዱት ላልሽኝ ልጄ፣ ወደ ቤት ነው። እየደጋገሙ ወደ ቤት።

ስለ ሌላው ጥያቄህ፣ አይሆንም። በዚህ መንገድ እንዳትመጣ። የሚመጡትን ቁስለኞች የማየው እኔ ነኝ። ልጅ ጥለህ ብትመጣ አልምርህም።

ውበቴ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውቤ፣

ይቅርታ፣ ወረቀቱ የቆሸሸው በሥራ እጄ ስለያዝኩት ነው።

ሳነብላት እስከ መጨረሻው አላስጨረሰችኝም። «በር ጋር ቋጠሩት» የሚለው ላይ ስደርስ ተነሥታ ሮጠች። አሁን ከበቅሎ የማትወርድ ሆናለች። እሷን ያዩ ልጆች መጡ፤ የእትዬ ይርጋነሽ ልጅ አገሬ መጣች፤ ቀጥሎ ሰፈሩ በሙሉ። ሁሉም ከመውጣቱ በፊት ታሪኩ ይነበብልን ይላል። ሲዞሩ በግቢው በር ትይዩ ባለፉ ቁጥር «ቤት ደረስኩ!» ብለው ይጮኻሉ። አላፊ አግዳሚው ምን ነካቸው ብሎ በአጥሩ ያጮልቃል። ጉም በወረደ ጊዜ ብታይው ደግሞ፣ ልጆቹ ጠፍተው ድምፃቸው ብቻ ሲዞር ይሰማል። እኔም እየገፋሁ የት እንዳለሁ የምረሳበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ ነገር ሠርቻለሁ። በርሜል ለሁለት ሰንጥቄ ጀልባ አደረግሁትና በሰንሰለት ሰቀልኩት። ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ መቀመጫ አለው፤ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ልጆቹ ግን ዞረው ዞረው አዩትና «ታሪኩ የታለ?» አሉኝ። ከቢቸና እስኪመጣ አንወጣም ብለዋል። ጀልባዬ ሥራ ፈትታ ቆማለች፤ ፍረጂባቸው።

ስለ ተኩሱ ሰምተሽ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ወደኛ ሰፈር ግን አልነበረም። እዚህ ላይ ሌላ አልጨምርም።

አትምጣ ብለሻል፣ እሺ። ግን አንድ ነገር እወቂ። አንቺ ደህና እስከሆንሽ ድረስ ነው እሺ ያልኩት። ትንሽ ነገር ብትሆኚ፣ ንጋትን ለእትዬ ይርጋነሽ ሰጥቼ በዚያው ቀን እነሣለሁ። ያን ጊዜ አትምሪኝ።

ለትንሿ ዋናተኛ ሰላም በይልኝ።

ዓለምነህ


ቢቸና፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓለሜ፣

ዘገየሁብህ፤ ይቅርታ። የገና ሰሞን ሥራ በዝቶብን ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ጉንፋን ቢጤ ጣለኝ። አሁን ደህና ነኝ። ደስታነሽ ሾርባ እየሠራች ትሰጠኛለች። እንኳን አደረሳችሁ ሳልላችሁ ቀረሁ።

የጀልባዋ ታሪክ ይህ ነው።

ጀልባዋ የተገኘችው ወንዝ በሌለበት አገር ነው። ከየት እንደመጣች ማንም አያውቅም። ከፊት አንድ ሰው፣ ከኋላ አንድ ሰው ነበሩባት። መሐል ላይ ደግሞ አንዲት በጣም ትንሽ ተሳፋሪ። ፊቷን ያየ የለም። ድምፅም የላትም፤ ግን ስትነቃ ጀልባዋ ትወዛወዛለች፣ ስትተኛ ጀልባዋም ትተኛለች። የሚሄዱበት ውኃ ሞቃት ነበር። ጨለማ ነበር፤ የሚያስፈራ ጨለማ ግን አይደለም። ከላይ ቀንም ሌትም ከበሮ ይመታል፤ ዱም ዱም፣ ዱም ዱም። የመሐሏ ተሳፋሪ ከዚያ ከበሮ በቀር ሌላ ዜማ አታውቅም።

አንድ ቀን፣ ዳሩ ገና ሳይታይ፣ ወረደች። ለምን እንደወረደች አልተናገረችም። የገፋት የለም። ከፊት ያለው ዞር ሲል ቦታዋ ባዶ ነው። ከበሮው መምታቱን አላቆመም። ጀልባዋም እስከ ዛሬ ትወዛወዛለች፣ ያለች እየመሰላት።

ልጆቹ ከፊትና ከኋላ ይቀመጡ። መሐሉን ይተዉላት።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። አባ ቆመው እየጠበቁኝ ስለሆነ በዚህ ይብቃኝ።

ውበቴ


ሞጣ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውቤ፣

ደብዳቤሽ አጠረችብኝ፤ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? አባን ስለ አንቺ ጠየቅኋቸው። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ በርቺ ብያታለሁ» አሉኝ። ለጉንፋን በርቺ ይባላል እንዴ?

ልጆቹ እንዳልሽው መሐሉን ትተውላታል። በበቅሎዎቹ ላይ እንደዚያ የሚጮኹት፣ ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዳንዱ ከመውጣቱ በፊት ባዶውን መቀመጫ በእጁ ይዳስሳል። ማንም እንዲህ አድርጉ አላላቸውም። ንጋት ታሪኩን ደጋግማ አስነብባኛለች።

በጥምቀት ታቦት ለማየት አልወጣንም። ንጋት ደክሟት ነበር። ደህና ናት። ብርዱ ስለበረታ ቤት ትውላለች፤ አገሬ እየመጣች ታጫውታታለች።

አንድ ሌላ ነገር ልሠራ አስቤአለሁ። ልጅ ተቀምጦበት ብቻ የሚሄድ፣ መሮጥም መግፋትም የሌለበት። እግር የማያስፈልገው ነገር። እንዲህ ላለው ታሪክ ይኖርሻል?

ስለ ሆድሽ ምንም አልጻፍሽም።

ዓለምነህ


ቢቸና፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓለምነህ፣

የትኛው እግሯ ነው?

ከጉልበት በላይ ነው ወይስ በታች? አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ነበር? ማን ነው ያየው፣ ወጌሻ ነው ወይስ ጤና ጣቢያ ወሰድካት? ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች? ጥፍሯን ስትጫን ደም ቶሎ ይመለሳል? ሌሊት ታለቅሳለች? ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፈህ ለአባ ስጥ። «ደህና ናት» የሚል ቃል እንዳላይ።

እግር የማያስፈልገው ነገር ለጤነኛ ልጅ አይሠራም፣ ዓለሜ። ይህ እንዲጠፋኝ ነበር?

ታሪክ ጠይቀሃል። ይኸኛው ፈጠራ አይደለም፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም፣ ለአንተም ጭምር። እኔ የተወለድኩት ከዓባይ ማዶ መሆኑን ታውቃለህ። አባቴ ወደዚህ ሲያሻግረኝ የንጋትን ያህል ነበርኩ። ሰባራ ድልድይ ላይ፣ ድልድዩ ከተቆረጠበት ወዲህና ወዲያ ሰዎች ገመድ ይዘው ይቆማሉ። ወገቤን አሰሩኝ። አባቴ «ታች አትዪ፤ የሚስብሽን ሰው ፊት ብቻ እዪ» አለኝ። ከድንጋዩ ጫፍ ሲለቁኝ እግሬ የሚረግጠው አጣ። ትንሽ አወራጨሁት፤ ከዚያ ተውኩት። መሐሉ ላይ ስደርስ የውኃው ጭስ ከሥር መጥቶ ሸፈነኝ። የሚስቡኝም የላኩኝም አይታዩም። ገመዱ ግን ወገቤ ላይ ነበር፤ በገመዱ ውስጥ የሰው እጅ ይሰማኝ ነበር፣ ሳብ፣ ያዝ፣ ሳብ፣ ያዝ። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። መሐሉ ላይ እግር አያስፈልግም ንጋትዬ። የሚያስፈልገው ወዲያ ማዶ የሚስብሽ ሰው ነው።

ይህን ንገራትና በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ገመድ ዘርጋላት። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው። እግሯን ቀጥ አድርገህ አስቀምጥላት። የምትስባት አንተ ራስህ ሁን።

ውበቴ


ሞጣ፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውቤ፣

ግራዋ ነው፤ ከጉልበት በታች። ቆዳዋ አልተቀደደም። ጤና ጣቢያ ወስጃት ጀሶ ገብቶላታል፤ አጥንቱ በቀጥታ ገጥሟል ብለውኛል። ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፣ ጥፍሯን ስጫነው ደሙ ቶሎ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር፣ አሁን ትታለች። ያልነገርኩሽ በዚያ መንገድ እንዳትመጪ ፈርቼ ነው። እግርሽን ሳታጥቢ እንደምትነሺ አውቃለሁ።

የወደቀችው ከጥምቀት በፊት ነው፣ ከጀልባዋ። እሷ ከፊት ነበረች፣ አገሬ ከኋላ። ጀልባዋ ከፍ ባለችበት ሰዓት ንጋት ተነሥታ ወደ መሐሉ ዞረች አለች አገሬ። «ሕፃን ሊያቅፍ እንደሚሄድ ሰው እጇን ዘረጋች።» ለምን ተነሣሽ ብዬ ስጠይቃት «ወደቅሁ» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣትም። እኔም ተውኳት።

ገመዱን እንዳልሽው ዘረጋሁ። ታሪኩን ስነግራት ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ። ትናንት ጠዋት ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት፤ ጉም ነበር፣ ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ቀስ ብዬ ሳብኳት። መሐል ስትደርስ «አባዬ፣ አቁም» አለች። ፊቷ ከጉሙ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታየኛል።

«ፈራሽ?»

«አልፈራሁም። አባዬ፣ ሕፃኗ ወርዳለች አይደል?»

«የትኛዋ ሕፃን?»

«የእማዬ ናታ! ሆዷ ውስጥ የነበረችው። ጨለማው፣ ሙቅ ውኃው... ከበሮው እኮ የእማዬ ልብ ነው። ሕፃን ሆድ ውስጥ ሆኖ የሚሰማው የእናቱን ልብ ነው ብላ እማዬ ራሷ ነግራኛለች።»

ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። እሷ ቀጠለች። «ጀልባዋ ላይ የተነሣሁት ልይዛት ብዬ ነው። ቶሎ ብይዛት ትመለስ ነበር?»

«የለም፣ ልጄ» አልኳት።

ከዚያ «ስም አላወጣችላትም፣ ታሪኩ ላይ የለም። እኔ እስከዳር ብያታለሁ» አለችኝ። «ዳር እስክትደርስ እንድንጠራት።»

ውቤ፣ አንብቤው ነበር እኮ። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ በየቀኑ ሳነበው ነበር፤ በአፌ እየወጣ በጆሮዬ አልገባም። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቀችው።

መቼ ነው? ማን ነበር አብሮሽ? አሁንስ እንዴት ነሽ፣ ገላሽ እንዴት ነው? ልምጣ? ጀልባዋን ላፍርሳት? አንድ ነገር እንኳ ዛሬ ልሥራ፣ እዘዢኝ።

ዓለምነህ


ቢቸና፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓለሜ፣

ጀልባዋን አታፍርሳት። ሰንሰለቷን አሳጥርና ከፍ እንዳትል አድርጋት፤ ግራና ቀኝ መያዣ በይድባት። ይህን በመጀመሪያ የጻፍኩልህ እጅህ ሥራ እንዲያገኝ ነው።

በገና ዋዜማ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከአምበር ወዲያ በቃሬዛ ያመጧትን አንዲት ሴት ሳዋልድ ቆሜ ዋልኩ። እሷ ወንድ ወለደች፤ ባሏ ከደስታው ብዛት የሰው ሁሉ እጅ ይስማል። የኔንም ሳመው። ያን ጊዜ ወገቤን ያዘኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅሁት፤ ሌላ ሴት ብትነግረኝ አይዞሽ እላት ነበር፣ ራሴን ግን ማታለል አልቻልኩም። ደስታነሽ ከአጠገቤ አልተለየችም። የሚደረገው ሁሉ ተደርጓል። አንተም ብትኖር የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ይህን አምነህ ተቀበለኝ።

ሴት ነበረች። ደስታነሽ በነጠላዋ ጠቅልላ «ታያታለሽ?» አለችኝ። አየኋት። ጥፍር አብቅላ ነበር። የት እንዳኖርናት ስትመጣ አሳይሃለሁ፤ በወረቀት አልጽፈውም።

ለምን እንደሸሸግሁህ ታውቃለህ። በዚያው ቀን እነሣለሁ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ እንደምታደርገውም አውቃለሁ። የጀልባዋን ታሪክ ስጽፍ ለማንም ላልናገር፣ ደግሞም ሳልናገር እንዳልቀር ብዬ ነው። አንተ እንደማይገባህ አውቅ ነበር፤ ስለዚህም ደፈርኩ። ንጋት ትሰማዋለች ብዬ ግን አላሰብኩም። የልጄን እግር የሰበረው ወሬዬ ነው እያልኩ ስንት ቀን ቆሜ ሠራሁ። ደስታነሽ «ልጅ ከጀልባ ይወድቃል፤ እህቷን ልትይዝ የወደቀች ልጅ ግን ያንቺ ብቻ ናት» አለችኝ።

እስከዳር። ሥራ ላይ ሆኜ በልቤ እጠራታለሁ።

ለንጋት እንዲህ በላት። ማንም ሊይዛት አይችልም ነበር፤ እናቷም አዋላጅ ሆና አልያዘቻትም።

ልምጣ ላልከው፣ አትምጣ፤ እኔ እመጣለሁ፣ አሁን ግን አይደለም። ደስታነሽን ብቻዋን ትቼ ብወጣ ከየገጠሩ የሚመጡት ሴቶች ማን ይቀበላቸዋል? ለፋሲካ ተተኪ እንልካለን ብለውናል። ባይልኩም ደስታነሽ «ሂጂ፣ ካልሄድሽ እኔው እገፋሻለሁ» ብላለች። አባ ሣህለ ማርያም በሰሙነ ሕማማት ከምእመናን ጋር ወደ ሞጣ ይወጣሉ፤ ከእነሱ ጋር እመጣለሁ። ልትቀበለኝ አትውጣ። ቤት ጠብቀኝ።

ውበቴ


ቢቸና፣ ግንቦት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዓለሜ፣

ከእናንተ ተለይቼ በሰላም ቢቸና ገብቻለሁ። ደብረ ወርቅ ላይ አረፍን፤ ዝናብ ትንሽ አሰናከለን እንጂ ሌላ የገጠመን የለም። እግሬ ላይ ያለውን ቁስል አትጠይቀኝ፣ ደስታነሽ በጨው ውኃ እየዘፈዘፈች ስትሰድበኝ ሰንብታለች።

ለፋሲካ ወደ እናንተ ስመጣ ቤት ጠብቀኝ ብዬህ ነበር፤ ቃልህን አልጠበቅህም። ዳገቱን ስንወጣ ከጉሙ ውስጥ ረጅም ሰው ወጣ። ራሱ ሁለት ነው። አባ አማተቡ። አንተ ንጋትን ትከሻህ ላይ አድርገሃት ነበር። ያን ጊዜ እንደዚያ የሳቅሁት ደስ ብሎኝም፣ ሚያዝያ ባዶ እጄን በመምጣቴ ስለፈራሁም ነው። ሁለታችሁም ወደ ሆዴ አላያችሁም። ይህን ማድረጋችሁን አይቻለሁ፤ አልረሳውም።

ልጆቹ ተሰልፈው ሊያዩኝ መምጣታቸው እስከ አሁን ይደንቀኛል። አገሬ ጠጋ ብላ «በቅሎዎቹ መንገዱን በጥርሳቸው የነከሱት እውነት ነው?» ስትለኝ ምን ልበላት? «አቧራው ገና ጥርሳቸው ላይ አለ፣ ሂጂና እዪ» አልኳት። ሄዳ አይታ መጣች። «አለ» አለችኝ።

አሁን እንደምትጠይቀኝ ወደማውቀው ልምጣ። ስሰናበታችሁ ንጋት እስከ ከተማው መውጫ ልሸኛት ብላ አብራኝ ስትሄድ አንተን ወደ ኋላ አስቀረችህ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ብዙ እንደቆየን አይተሃል፤ ምን ስታወሩ ነበር ትለኛለህ። ብዙም አላወራንም።

እንዲህ ነው የሆነው። እያነከሰች ስትሄድ እንዳይደክማት ብዬ አስቀመጥኳትና «ታሪክ ልንገርሽ?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ዛሬ አልፈልግም አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችው፣ ልክ እኔ የምጥ ሴት ፊት እንደማየው።

«እማዬ፣ እስከዳር ስትወርድ አለቀስሽ?»

ደህና አድርጌ ልዋሻት ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። «አላለቀስኩም» አልኳት። እውነቴን ነው ዓለሜ። ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም፣ አንተ ቤት በነበርኩባቸው ቀናትም። አንተ ስታለቅስ ጀርባህን ሳሻሽ ነበርኩ፤ እኔ ግን ደረቅ ነበርኩ። ሥራ አለ፣ ሴቶች አሉ፣ ሌላ ሴት እያማጠች አዋላጅ አታለቅስም እያልኩ።

«ለምን?» አለች።

«ጊዜ አላገኘሁም።»

ወደ መንገዱ አየች። አባና ምእመናኑ ከፊት ቆመው ይጠብቁኛል። አንተ ከኋላ ቆመሃል። ከመሐል እኛ ሁለታችን። ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳበችና ራሴ ላይ አለበሰችኝ፣ ፊቴ እስኪሸፈን ድረስ። «አሁን አልቅሺ፤ ማንም አያይሽም። አባ ቢመጡ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

አለቀስኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። እሷ አላባበለችኝም። ነጠላው እንዳይወድቅ ጫፉን ይዛ ቆማ ነበር፤ እጇ ሲዝል በሌላው እጇ ትቀይራለች። ከነጠላው ሥር ሆኜ የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነበር። ስጨርስ ገልጣ አየችኝና «ዓይንሽ አብጧል፣ ግን ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ዞር ስል እጇን አላወዛወዘችም፤ እንደ ትልቅ ሰው ወገቧን ይዛ ትመለከተኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደክሞኝ ብዙ ተኛሁ። ደስታነሽ ተረኛነቴን ሸፈነችልኝ። ዛሬ ገና ሳይነጋ አንዲት ሴት መጥታ አዋለድኳት፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ስጨርስ እጄን ታጥቤ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ከጎረቤት ሽሮ ይሸታል። ምን እንደጎደለኝ ለማወቅ ጥቂት ቆየሁ፤ ከገና ወዲህ ተሰምቶኝ የማያውቅ ነገር ነው። ርቦኛል። ዓለሜ፣ ርቦኛል፤ ልበላ ነው።

ውበቴ